ሁለት ነጥብ ልንለምን የሄድን ለት

በኛ ጊዜማ… ቆይ፣ መጀመሪያ ያን ሳር አስቀምጠው። አንተን ነው እንጂ የሱፍ! እርጥብ ሳር ጨብጠህ ስትመጣ ገና ከሩቅ ነው የገባኝ፤ ልጄን መምህሩ ጥሎብኛል፣ ነገ ትምህርት ቤት ሄደው በሽምግልና ይለምኑልኝ ልትለኝ ነው። አይደለም? እሺ፣ አልቆጣህም፤ ቁጭ በል፣ እናንተም ጠጋ በሉ፣ ጥላው ለሁላችን ይበቃል። መልስህን ከጨዋታው ታገኛታለህ።

በኛ ጊዜ ሽማግሌ ለደም ይሄዳል፣ ለድንበር ይሄዳል፣ ለጋብቻ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት ግን ምን ሊያደርግ ይሄዳል! እኔ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተንኩ ጊዜ፣ እዚሁ ቆቦ፣ ያለፈ ሰው ስሙ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ የወደቀ አይለጠፍም፣ አለቀ። ታዲያ እኔ ያቺን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኳት፤ ሰይድ የሚል አለ፣ አጠገቡ ያለው የአባት ስም ግን የኔ አባት አይደለም። እና ቤት ሄጄ፣ «አባባ፣ በትንሽ ነው የወደቅኩት አሉ፣ ሽማግሌ ላክልኝ» ብለው አባቴ፣ አላህ ይርሀመውና፣ ሳቀብኝ። «ሽማግሌ የተጣላ ነው የሚያስታርቀው። አንተና ፊደል መቼ ተጣላችሁ? አልተዋወቃችሁም እንጂ!» አለኝ። በነጋታው ወንጭፍ ሰጥቶ ማሽላው መሃል ያለው ማማ ላይ አወጣኝ፣ ወፍ ጠብቅ ብሎ። ይኸው ከዚያ ማማ ሳልወርድ አረጀሁ በሉት።

ታዲያ ያቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረች። አባቴ ጨካኝ መስሎኝ ኖርኩ። እኔ ትልቅ ሰው ስሆን ለማንም ልጅ እንዲህ አልሆንም፣ በትንሽ የወደቀ ልጅ እያየሁ ዝም አልልም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ሐያትን ታውቋታላችሁ፣ የልጄ የዘይነባ ልጅ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ናት። ጦርነቱ ትምህርቱን ያቋረጠው ጊዜ እንኳ፣ ሰው ሁሉ ያገኘውን ይዞ ሲሸሽ፣ እናቷ ዱቄት ተሸከመች፣ እሷ መጽሐፏን ተሸከመች። «ሐኪም ሆኜ ያንተን ጉልበት ነው መጀመሪያ የማድነው» ትለኛለች፤ እኔም ሕመሙ ሲብስብኝ «ጠብቅ አንተ ጉልበት፣ ሐኪምህ እየተማረች ነው» እለዋለሁ። እንግዲህ ቤታችን በሙሉ ተስፋው እሷ ላይ ነበር። አልዋሽም፣ የኔም ግድግዳ እሷ ላይ ነበረች፤ የኔ ስም ባይለጠፍ የሷ ይለጠፋል ብዬ።

ታዲያ አሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደ ድሮው በየትምህርት ቤቱ አይደለም፣ ልጆቹን በአውቶቡስ ጭነው ዩኒቨርሲቲ ወስደው፣ እዚያው አሳድረው ነው የሚፈትኗቸው፤ ስልክ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ጎረቤት ማየት የለም። ይሁን፣ መልካም ነው አልን። መርቀን ሸኘናት፣ ተፈትና መጣች፣ ከዚያ ክረምቱን በሙሉ መጠበቅ ሆነ።

ውጤቱ በስልክ ነው የመጣው። ግድግዳ የለም! እሷ እዚያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ከፈተች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ፣ ፊቷን ነው የማየው፤ ፊቷ ልክ መብራት እንደሚጠፋ ጥፍት አለ። «ሐያት፣ ስንት ነው?» ስልኩን እናቷ እጅ ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ቀስ በቀስ ደግሞ ከየቤቱ ጩኸት መምጣት ጀመረ፣ ከዚህም ከዚያም። ለካ ከክፍላቸው ግማሽ ያመጣ አንድ ልጅ የለም። አንድም! ሱብሃነላህ! ያ ሁሉ ልጅ፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ አንድም!

ወላሂ ለቅሶ ነው የሆነው፣ አላጋነንኩም። ጎረቤት መጥቶ «አላህ ያጽናችሁ» አለን። አያ ካሳ፣ የሽምግልና ጓደኛዬ፣ ታውቁት የለ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የመጣው! «አያ ካሳ፣ ሰው አልሞተም እኮ» ብለው፣ «ታዲያ እንዲህ የሚያስለቅሳችሁ ምንድነው?» ብሎ ቁጭ አለ።

ቆይቶ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ግማሽ ያላመጣ ግን ጠጋ ያለ፣ ሬሚዲያል የሚሉት ማካካሻ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ትንሽ ተምሮ እንደገና ይፈተናል፤ ለሱም መስመር ወጣ፣ ከዚህ በላይ ያመጣ ይገባል ተባለ። ሐያት ከመስመሩ በስንት ጎደለች? በሁለት ነጥብ! ሁለት! የድሮዋ ግድግዳ መጥታ ፊቴ ላይ ቆመች።

አያ ካሳን ጠራሁት።

«አያ ሰይድ፣ ሁለት ነጥብ ምንድናት?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ትቆረሳለች? ትሰፈራለች?»

«ትጨመራለች ነው የሚሉት።»

«ከተጨመረችማ የምትለመን ነገር ናት!»

እና አመንኩት። ለምን አላምነው! እኔና እሱ ስንት ዘወልድ ተቀምጠናል። ዘወልድ እኛ ራያ ቆቦ ላይ ደም የሚያደርቅ ሽምግልና ነው፤ ሰው ገድሎ ቆላ የወረደን፣ ወንድሙ ሞቶበት ጠመንጃ የሚወለውልን፣ እርጥብ ሳር ይዘን መሃል ገብተን አስታርቀናል። ደም ያደረቀ ሽማግሌ ሁለት ነጥብ ያቅተዋል? ታዲያ ለሐያት ሳንነግራት፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረን፣ ከመስኖው ዳር እርጥብ ሳር አጭደን፣ እግረ መንገዳችንን ደግሞ የሌሎች የሰባት የክፍሏ ልጆች የፈተና ቁጥር በወረቀት አስጽፈን፣ ልጆቹ ወደ ተፈተኑበት ዩኒቨርሲቲ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ሮቢት ላይ ረዳቱ ሳሩን አይቶ ደነገጠ። «አባቶች፣ የማን ደም ነው?» አለ። አያ ካሳ ኮራ ብሎ «የፈተና!» አለው። ወዲያው አንዲት ሴት ከኋላ፣ «ለኔም ልጅ ለምኑልኝ፣ ስሙ በላይ ነው» ብላ ጮኸች፤ ጎብዬ ስንደርስ የልመናው ዝርዝር አሥራ አንድ ገብቷል!

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው ኪሳችንን ፈትሾ ሳሩ ላይ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። የአገራችን ልጅ ነው፣ ገብቶታል። «አባቶቼ፣ እዚህ የተጣላ የለም እኮ» አለን። «አለ፣ አንተ አላወቅክም» አልኩት። አስገባን።

ሬጅስትራር የምትባለዋ ወጣት ናት፣ ልጄ ዘይነባን ታክላለች። ብድግ ብላ፣ «ይቀመጡ አባቶች» አለች። «አንቀመጥም የኔ ልጅ፣ ቃልሽን ሳንሰማ አንቀመጥም» አልናት፤ ወጉ ነዋ! አራት ሽማግሌ ሳር ይዞ ሲቆም ደነገጠች መሰለኝ፣ «ሰው ተጎዳ?» አለች።

«ሁለት ነጥብ ጎድሎ ነው» አልኳት።

ቁጭ አለች። እኛ መቆማችንን አየችና እንደገና ተነሣች። «አባቴ፣ እኔ እኮ ነጥብ አልሰጥም። የሚታረመው አዲስ አበባ ነው፣ የሚያርመውም ማሽን ነው።»

«ማሽኑ አዛዥ የለውም?»

«አለው፤ አዛዡም ቢሆን ነጥቡን አይነካም።»

አያ ካሳ ጣልቃ ገባ። «ጎረቤትስ የለውም? የሚያፍረው ሰው የለውም? የነፍስ አባት?»

«የለውም አባቴ» አለች፣ ሳትስቅ፣ ትባረክ።

ክው አልኩ። ስንት ዘመን ኖሬ ሽማግሌ የማያፍር ነገር አይቼ አላውቅም። ገዳይ ያፍራል፣ ሽፍታ ያፍራል፣ ጅብ እንኳ ሲነጋበት ያፍራል። ይሄ ግን ምን ዓይነት ነገር ነው? አባት የለው፣ እናት የለው፣ ልመና አይሰማ፣ ወድቀሃል ካለ ወድቀሃል። አልቀመጥም ያልኩት ሰውዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ!

ልጅቷ አዘነችልን መሰለኝ፣ «እስቲ ቁጥሯን ስጡኝ» ብላ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች። ሐያትን አገኘቻት። እያነበበች ትነግረናለች፤ ሌላው ሌላው ይነስም ይብዛ ያስኬዳል። «ፊዚክስ… አሥራ አንድ» አለች።

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

«አይሆንም!» አልኳት። «ካርዷ ላይ ዘጠና አምስት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሌላ ቁጥር ስጡኝ አለች፣ ሰጠናት። ፊዚክስ አሥራ አራት። ሌላ፣ ዘጠኝ። ሌላ፣ አሥራ ሁለት። ሰባቱንም ከፈተች፣ የሰባቱም ጉድጓድ አንድ ቦታ ላይ ነው። ቀና ብላ አየችንና፣ «አባቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እነዚህ ልጆች የፊዚክስ መምህር የላቸውም እንዴ?» አለች።

አያ ካሳን አየሁት። አያ ካሳም አየኝ። ሳሩ ከእጁ ወረደ።

እንግዲህ ስሙኝ። ያዙልኝ ያልኳችሁ መጣች። ከዚያ በፊት የነሐያት ትምህርት ቤት ደሳለኝ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበረው፣ ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም፣ ነጥብ የማይሰጥ፣ የማይሰጥ ስላችሁ የማይሰጥ! ያወቀውን ያሳልፋል፣ ያላወቀውን ይጥላል። ታዲያ የተጣለው ሁሉ አባት እኔ ዘንድ መጣ፣ ልክ እንዳንተ፣ የሱፍ። «አያ ሰይድ፣ ልጄን በትንሽ ጣለብኝ!» በትንሽ ሲሉኝ ሆዴ ይባባል፣ ታውቁት የለ። እና ሳራችንን ይዘን ሄድን። «ቁጭ በሉ አባቶች» አለን፤ «ካልሰማኸን አንቀመጥም» አልነው። «አባቶች፣ እኔ ብሰጣቸው ፈተናው አይሰጣቸውም» ብሎ ለመነን፣ እሱ ራሱ እኛን ለመነን! አያ ካሳ፣ «አንተ ብቻ ስጥ፣ ለፈተናው ማርያም አለች!» አለው። ሰጠ። ምን ያድርግ፣ ሽማግሌ ቆሞበት! በዓመቱ ደግሞ ሄድን። ሰጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ጠመኔውን ከኪሱ አወጣና እዚህ፣ እዚህ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «አያ ሰይድ፣ ሽማግሌን እምቢ ማለት ነውር ነው፣ እሺ ማለት ደግሞ ውሸት ነው። ሁለቱን ይዤ መኖር አልቻልኩም» አለኝ። ከዚያ ዝውውር ጠይቆ ዋጃ ሄደ። እኛም «ግትር ነበር፣ ይቅናው» ብለን መርቀን ተለያየን። መርቀን! አቤት የኔ ነገር!

ከዩኒቨርሲቲው ተመልሼ ቤት ስደርስ ሐያት ደጅ ላይ ቁጭ ብላለች። ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል።

«አባባ፣ ነጥብ ልትለምንልኝ ሄድክ አሉ።»

«ሄጄ ነበር» አልኳት። ከዚያ አላስቻለኝም፣ «ፊዚክስ አሥራ አንድ ነው ያመጣሽው፤ ያ ዘጠና አምስት ታዲያ ከየት መጣ?» አልኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «አባባ፣ መምህር ደሳለኝ ከሄደ በኋላ ሌላ አልመጣም። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ግራር ጥላ ስር ነው የምንቀመጠው። ሴሚስተር ሲያልቅ ነጥቡን ለሁላችንም ይሞሉልናል።»

«ሳትማሩ? ለምን?»

«እናንተ ሳር ይዛችሁ እንዳትመጡ» አለችኝ።

ያረቢ! ያቺን ቃል ስሰማ ምን እንደሆንኩ ልነግራችሁ አልችልም። እስካሁን ሌሊት እንኳ ትቀሰቅሰኛለች። እኔ እኮ ለልጅ ያዘንኩ መስሎኝ ነው! አባቴን ጨካኝ ስለው የኖርኩ፣ ለካ ጨካኙ እኔ ነኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «ነገርኩህ እኮ። መምህር ደሳለኝ የሄደ ለት እያለቀስኩ መጣሁ፣ ሌላ ይመጣል፣ አታልቅሺ አልከኝ» አለች። ብያታለሁ። ወላሂ ብያታለሁ።

ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ዘይነባ «ምግቡ ምን አደረገህ?» ትለኛለች፤ ምን እላታለሁ፣ ልጅሽን የጣልኳት እኔ ነኝ ልበላት? በአራተኛው ቀን ሐያት ራሷ መጣች፣ እግሬ ስር ቁጭ አለች።

«አባባ፣ በግል እንደገና መፈተን ይቻላል፣ እመዘገባለሁ። ግን ሽማግሌ ያስፈልገኛል።»

ደነገጥኩ። «ደግሞ የት ልሂድልሽ?»

«ዋጃ» አለችኝ።

ገባኝ። አያ ካሳን ቀሰቀስኩት፣ እንደገና ሳር አጨድን፣ ዋጃ ወረድን። መምህር ደሳለኝ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በር ላይ ጠበቅነው። ሲያየን፣ ልጆቼ፣ ወደ ኋላው ነው የሄደው! የደበደብነው ሰው ይመስል። «አባቶች፣ በእግዚአብሔር፣ እዚህም መጣችሁ?» አለ። «የማንን ነጥብ ነው?»

«የራሳችንን» አልኩት። «እኛ ነን የወደቅን።»

አያ ካሳ፣ ያ አፈኛ፣ ሳሩን ሁለት እጁ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ፣ ጉልበቴ እየጮኸ። ሌላውን ሳስታርቅ እንጂ እኔ በዳይ ሆኜ ሳር ይዤ ቆሜ አላውቅም። ከባድ ነው። በዳይ ያን ያህል እንደሚከብደው ያን ለት ነው ያወቅኩት።

«ቀና በሉ አባቶች፣ ቀና በሉ» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። ሳሩን ተቀበለን። «ቅዳሜ ቅዳሜ ቆቦ እመጣለሁ፣ የወደቁትን ሁሉ ሰብስቡልኝ። ግን አንድ ቃል ስጡኝ። ወደቀ ያልኩትን ወድቋል በሉ።»

«ወላሂ!» አልኩት። አያ ካሳም «በማርያም!» አለ። ማልን። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መንገድ ላይ።

ታዲያ የመጀመሪያው ቅዳሜ ይሄ ሰውዬ ፈተና ሰጣቸው። ሐያት ወረቀቷን ይዛ እየሮጠች መጣች፣ ፊቷ በርቷል። «ስንት አመጣሽ?» አልኳት። «አርባ!» አለች። አርባ? ዘጠና አምስት ያመጣች ልጅ በአርባ ትስቃለች? «ወድቀሻል እኮ» አልኳት፣ ቃሌን ለመጠበቅ ብዬ። «አዎ ወድቄያለሁ አባባ፣ ግን ይቺ አርባ የራሴ ናት» አለችኝ።

ምን? አለፈች ወይ? ፈተናው ገና ነው። አላውቅም። አላህ ያውቃል። ጉልበቴም እየጠበቀ ነው፣ እኔም እየጠበቅኩ ነው፤ ብታልፍ እልል እላለሁ፣ ብትወድቅ አብሬያት አለቅሳለሁ፣ ደጅ ግን አልጠናላትም። አባቴ የወደቅኩ ለት፣ አንተና ፊደል አልተዋወቃችሁም ብሎ የነገረኝ እኮ እውነት ነበር፣ እኔ ነኝ ለመስማት ይሄን ሁሉ ዘመን የፈጀሁት።

በል እንግዲህ የሱፍ፣ መልስህ ይቺ ናት። ልጅህን ቅዳሜ ላከው፣ ቦታ አለ። ምነው አቀረቀርክ?

«አይ አያ ሰይድ… ይሄን ሳር ምን ላድርገው ብዬ ነው።»

ለላምህ ስጣት ልጄ! እሷ ትብላው፣ ፈተና የለባት! ሃ ሃ ሃ!